ሁለተኛው ሽያጭ፦ የቴሌቪዥን ድራማ ትርፍ የማን ኪስ ይገባል?

በ2023 አሜሪካውያን በስትሪሚንግ፣ ማለትም በኢንተርኔት በሚቀርብ ቪዲዮ፣ በብዛት የተመለከቱት ተከታታይ ድራማ በዚያ ዓመት የተሠራ አልነበረም። «ሱትስ» የተባለው የጠበቆች ድራማ ዩኤስኤ ኔትወርክ በተሰኘ የኬብል ጣቢያ ከ2011 እስከ 2019 ታይቶ አልቋል። ከአራት ዓመት በኋላ ኔትፍሊክስ ላይ ሲወጣ ግን ተመልካች እንደ አዲስ ጎረፈለት። የተመልካች ብዛት የሚለካው ኒልሰን የተባለ ድርጅት ድራማው በዚያ ዓመት በኔትፍሊክስና ፒኮክ በተባለው ሌላ የስትሪሚንግ አገልግሎት በድምሩ ለ57.7 ቢሊዮን ደቂቃ እንደታየ አስታወቀ፤ ይህም እስከዚያ ድረስ ያልታየ ክብረ ወሰን ነበር። (በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በዚያው ዓመት የሆሊውድ ጸሐፊዎች አድማ መትተው ነበር። ከድራማው ቀደምት ጸሐፊዎች አንዱ በሎስ አንጀለስ ታይምስ ጋዜጣ እንደገለጸው፣ የመጀመሪያው ምዕራፍ ክፍሎች በሁለት የስትሪሚንግ አገልግሎቶች ስለታዩ ለስድስቱ ጸሐፊዎች በሩብ ዓመት የተከፈለው ገንዘብ ተደምሮ 3,000 ዶላር አልሞላም። ቢሊዮን ደቂቃ ያስገኘ ሥራ ለጻፉት ሰዎች የአንድ ወር የቤት ኪራይ እንኳ በቅጡ አልሸፈነላቸውም ማለት ነው።

ይህ የአንድ ድራማ ገጠመኝ ብቻ አይደለም። ከሰባ ዓመት በላይ የቴሌቪዥኑን ዓለም ያቆመ አንድ የንግድ ሥርዓት እየተናደ መሆኑን ያሳያል። ሥርዓቱ ሲንዲኬሽን ይባላል፤ አንድ ፕሮግራም በየከተማው ላሉ ጣቢያዎች በተናጠል፣ ከዚያም ለሌሎች አገሮች ደጋግሞ የሚሸጥበት አሠራር ነው። የዚህን ንግድ ታሪክ የተከታተለ ሰው አንድ እውነት ደጋግሞ ይገጥመዋል፤ በቴሌቪዥን ትልቁ ሀብት የሚገኘው ከመጀመሪያው ሥርጭት በኋላ ነው። ስለዚህ ሁሉን የሚወስነው ጥያቄ «ደግሞ የመሸጥ መብቱ በማን እጅ ቀረ?» የሚለው ነው። ይህን ጥያቄ ቀድመው ያነሱ ባለሙያዎች ከብረዋል፤ ዘግይተው ያነሱት ሥራቸው ሲሸጥ ቆመው ተመልክተዋል። ዛሬ በየቤቱ ድራማ የሚሠራው የኢትዮጵያ ባለሙያም ከዚህ ታሪክ የሚማረው ብዙ ነው።

ፊልሙ የማን ነው?

በ1951 ሲቢኤስ የተባለው የአሜሪካ አገር አቀፍ የቴሌቪዥን ኔትወርክ ከተዋናይት ሉሲል ቦልና ከባለቤቷ ከዴሲ አርናዝ ጋር «አይ ላቭ ሉሲ» የተሰኘ አስቂኝ ድራማ ለመሥራት ተስማማ። በዚያን ዘመን አብዛኛው የቴሌቪዥን ፕሮግራም ከኒው ዮርክ በቀጥታ ይተላለፍ ነበር። ራቅ ላሉት ጣቢያዎች የሚላከው በቴሌቪዥን መስኮት ላይ የሚታየውን ምስል በፊልም ካሜራ እየቀዱ የሚያዘጋጁት፣ ኪኒስኮፕ የሚባል ደብዛዛ ቅጂ ነው። የፕሮግራሙ ስፖንሰር የሲጋራ ኩባንያው ፊሊፕ ሞሪስ ነበር፤ ብዙ ገዢ ያለበት የምሥራቁ ሕዝብ ደብዛዛውን ቅጂ እንዲያይ አልፈለገም። ባልና ሚስቱ ደግሞ ሆሊውድን ለቀው ኒው ዮርክ መግባት አልፈለጉም።

መፍትሔ ሆኖ የተገኘው ድራማውን ሆሊውድ ውስጥ በ35 ሚሊሜትር ፊልም መቅረጽ ነበር። ቀረጻውን የመሩት ካርል ፍሮይንድ በጀርመን የድምፅ አልባ ፊልም ዘመን ስማቸው የገነነ የካሜራ ባለሙያ ናቸው። ተመልካች ስቱዲዮ ውስጥ ተቀምጦ እየሳቀ፣ ሦስት ካሜራዎች በአንድ ጊዜ ይቀርጻሉ፤ ካሜራዎቹ ወዲያ ወዲህ ሲሉ ሥራው እንዳይቋረጥም መብራቱ በአብዛኛው ከላይ ተሰቀለ። ይህ ከቀጥታ ሥርጭት የበለጠ ወጪ ይጠይቃል። ባልና ሚስቱ ከሳምንታዊ ክፍያቸው 1,000 ዶላር እንዲቀነስ ፈቀዱና በምትኩ አንድ ነገር ጠየቁ፤ ፊልሙ የኩባንያቸው የዴሲሉ ንብረት ይሁን። ሲቢኤስ ብዙም ሳያንገራግር ተስማማ። አንዴ የታየ ፕሮግራም ሌላ ጊዜ ገዢ ያገኛል የሚል ሐሳብ ገና አልተለመደም ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ሉሲል አረገዘች፤ አዲስ ክፍል መቅረጽ በማይቻልባቸው ሳምንታት አሮጌዎቹ ክፍሎች ተደገሙ። ተመልካቹ አልሸሸም። ሰው የሚወደውን ታሪክ ሁለተኛ ጊዜም እንደሚያይ በተግባር ታወቀ። ባልና ሚስቱ በ1950ዎቹ አጋማሽ የፊልሞቹን መብት ከ4 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለራሱ ለሲቢኤስ ሸጡ፤ በ1957 መጨረሻም አርኬኦ የተባለውን የፊልም ድርጅት ስቱዲዮዎች ለመግዛት ተዋዋሉ። ለተዋንያን ትልቅ የተባለ ድል ነበር። ነገር ግን ታሪኩ እዚያ ላይ አላበቃም። «አይ ላቭ ሉሲ» ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት በአሜሪካና በውጭ አገር ጣቢያዎች ሲደጋገም ገቢው የገባው መብቱን ለገዛው ወገን ነው። ቤቱን የሚያከራይና ቤቱን የሚሸጥ ሰው በመጀመሪያው ዓመት የሚይዙት ገንዘብ ሲነጻጸር ሻጩ ይበልጣል፤ በሃያኛው ዓመት ግን የሚስቀው አከራዩ ነው።

ሽያጩ እንዴት ይካሄዳል?

የአሜሪካ የቴሌቪዥን ገበያ ዛሬ 210 የከተማና የአካባቢ ገበያዎች ተብሎ ይከፋፈላል። አከፋፋዩ ኩባንያ አንድን ፕሮግራም ለእያንዳንዱ ገበያ ለየብቻው ይሸጣል፤ ገዢው ጣቢያ በአካባቢው ብቸኛ አሳይ የመሆን መብት ያገኛል። በአንድ ከተማ ሦስት ጣቢያ አንዱን ድራማ ከፈለገ ዋጋው በጨረታ ይወጣል። ስለዚህ የአከፋፋዩ ትልቁ ችሎታ በየከተማው የትኛው ጣቢያ የትኛውን እንደሚፈራ ማወቅ ነው።

ክፍያው ሦስት መልክ አለው። አንደኛው ጥሬ ገንዘብ ነው፤ ጣቢያው ከፍሎ ያሳያል፣ የማስታወቂያ ጊዜውን ሁሉ ራሱ ይሸጣል። ሁለተኛው ባርተር የሚባለው ልውውጥ ነው፤ ጣቢያው ገንዘብ አይከፍልም፣ ነገር ግን በፕሮግራሙ ውስጥ ካለው የማስታወቂያ ጊዜ የተወሰነው ለአከፋፋዩ ይቀራል። አከፋፋዩ በመቶ ከሚቆጠሩ ጣቢያዎች ያገኛቸውን ደቂቃዎች አንድ ላይ አድርጎ እንደ ብሔራዊ ማስታወቂያ ለትልልቅ ኩባንያዎች ይሸጣል። ሦስተኛው የሁለቱ ቅልቅል ነው። በ1971 ኤቢሲ የሎረንስ ዌልክን የሙዚቃ ፕሮግራም፣ ሲቢኤስ ደግሞ «ሂ ሆ»ን ከአየር ሲያወርዱ አዘጋጆቹ ፕሮግራሞቻቸውን በባርተር ለየጣቢያው አደሉ፤ ሁለቱም በዚህ መንገድ ከአሥር ዓመት በላይ ኖሩ። ኔትወርክ የጣለውን ፕሮግራም በየከተማው ያለ ተመልካች አነሣው።

ለኔትወርክ ጨርሶ ሳይሰጡ በቀጥታ ለየጣቢያው መሸጥም የቆየ ነው። የሲንሲናቲው ፍሬደሪክ ዚቭ ሥራውን የጀመሩት በሬዲዮ ነበር፤ ኋላ በቴሌቪዥን «ሃይዌይ ፓትሮል»ን ሸጡ፤ በ1958 ደግሞ ኔትወርኮቹ ያልፈለጉትን «ሲ ሀንት» የተባለ የጠላቂ ዋናተኛ ድራማ ከተማ ለከተማ አዙረው ትልቅ ገበያ አገኙለት። በዚያን ዘመን ጣቢያዎች ቅጂውን በፖስታ እየተቀባበሉ ያሳዩ ነበር፤ አንዱ ጣቢያ አሳይቶ ለቀጣዩ ይልካል። አንዱ ከተማ ያየውን ክፍል ሌላው ከሳምንታት በኋላ ያየው ነበር። ይህን የለወጠው ሳተላይት ነው። በ1981 የጀመረው «ኢንተርቴይንመንት ቱናይት» የዕለቱን የመዝናኛ ወሬ በዕለቱ በየከተማው ማድረስ ቻለ፤ ከዚያ ወዲህ ሲንዲኬሽን አሮጌ ፊልም ብቻ የሚቸረችር ንግድ መሆኑ ቀረ።

የዚህ ንግድ ወርቃማ ዘመን ምሳሌ ኪንግ ወርልድ ነው። አባታቸው ቻርልስ ኪንግ የጀመሩትን አነስተኛ የማከፋፈያ ድርጅት ልጆቻቸው፣ በተለይ ወንድማማቾቹ ሮጀርና ማይክል፣ ይዘው ጣቢያ ለጣቢያ እየዞሩ ሸጡ። በ1983 የምሽቱን «ዊል ኦፍ ፎርቹን»፣ በ1984 «ጄፐርዲ»ን፣ በ1986 ደግሞ የኦፕራ ዊንፍሬን የውይይት ፕሮግራም ለአገሪቱ በሙሉ አቀረቡ። ሦስቱንም አልሠሯቸውም፤ በሠሪዎቹ ስም ሸጡላቸው እንጂ። ያም ሆኖ የማከፋፈል ውሉ ብቻ ይህን ያህል ዋጋ ስለነበረው ሲቢኤስ በ1999 ድርጅቱን በ2.5 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። ኦፕራ ራሷ ግን የተከፋይነት ቦታ አልበቃትም፤ በ1988 የፕሮግራሟን ባለቤትነት ከኤቢሲ ወደ ራሷ ኩባንያ ወደ ሃርፖ አዛወረች። ያን ጥያቄ ባታነሣ ኖሮ በጥሩ ደመወዝ የምትሠራ ዝነኛ አቅራቢ ሆና ትቀር ነበር።

ሕግ የገባበት ዘመን

በ1960ዎቹ ሦስቱ ኔትወርኮች፣ ሲቢኤስ፣ ኤንቢሲና ኤቢሲ፣ የአየር ሰዓቱን ስለያዙ አዘጋጁን «ድርሻ ካልሰጠኸን አናሳይልህም» ማለት ችለው ነበር። የአሜሪካ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በ1970 ይህን የሚከለክል ደንብ አወጣ፤ ኔትወርኮች በሌሎች በተሠራ ፕሮግራም ባለድርሻ እንዳይሆኑና በአገር ውስጥ ሲንዲኬሽን እንዳይነግዱ ታገዱ። ሲቢኤስ የማከፋፈል ክፍሉን ከራሱ ለይቶ በ1971 ቫያኮም የተባለ ነፃ ኩባንያ እንዲሆን አደረገ። የሉሲና የዴሲ ፊልሞችም ከሲቢኤስ ወደ ቫያኮም እጅ አለፉ።

የደንቡን ፋይዳ ለመረዳት የድራማ ሒሳብን ማየት ያስፈልጋል። ኔትወርክ ለአንድ ክፍል የሚከፍለው የማሳያ ፈቃድ ዋጋ ብዙውን ጊዜ ክፍሉን ለመሥራት ከወጣው ያንሳል። ጉድለቱን አዘጋጁ ይሸከማል፤ የሚሸከመውም ድራማው ከተሳካ በሲንዲኬሽን አስመልሳለሁ ብሎ ነው። ከደንቡ በኋላ ያ ተስፋ የአዘጋጁ ሆነ። ማርሲ ካርሲና ቶም ዌርነር የሚባሉ ሁለት አዘጋጆች በ1984 «ዘ ኮዝቢ ሾው»ን ሲያቀርቡ ስቱዲዮ አልነበራቸውም፤ ቫያኮም የማከፋፈል መብቱን ይዞ ለጉድለቱ ገንዘብ አቀረበ። ፕሮግራሙ ለድጋሚ ገበያ ሲቀርብ የየከተማው ጣቢያዎች በጨረታ ተሻሙበት፤ ገቢው ከ500 ሚሊዮን ዶላር አለፈ። ትንሽ ድርጅት ትልቅ ሀብት የሚያገኝበት በር የተከፈተው መብቱ በአዘጋጁ እጅ ስለቀረ ነው።

ኔትወርኮቹ የኬብል ቴሌቪዥን ስለመጣብን ደንቡ ጊዜው አልፏል ብለው ለዓመታት ተሟገቱ፤ ደንቡም በ1993 ላልቶ በ1995 ጨርሶ ቀረ። ደንቡ መላላት ከጀመረ ወዲህ የሆነው ግዢ ነው። ዲዝኒ ኤቢሲን ጠቀለለ፤ ቫያኮም ፓራማውንትን፣ ቀጥሎም የቀድሞ እናቱን ሲቢኤስን ያዘ፤ ኤንቢሲና ዩኒቨርሳል በ2004 ተዋሐዱ። የሚሠራውም፣ የሚያሳየውም፣ የሚያከፋፍለውም አንድ ድርጅት ሲሆን ነፃ አዘጋጅ የሚደራደርበት ሌላ ወገን አጣ። ኔትወርኮቹ በክርክራቸው ውድድር እንደተለወጠ የተናገሩት እውነት ነበር፤ ነገር ግን ደንቡ ሲነሣ የተጎዳው ከእነርሱ ጋር እኩል የሚወዳደረው ኬብል ሳይሆን ሥራውን የሚሠራው ትንሹ ድርጅት ነው።

የመቶ ክፍሉ ስሌት ሲፈርስ

በዚህ ንግድ ውስጥ የኖሩ ሰዎች አንድ ቁጥር ያውቃሉ፤ መቶ። ድራማ መቶ ክፍል ከሞላ ጣቢያዎች በሳምንት አምስት ቀን በተመሳሳይ ሰዓት ሊያሳዩት ይችላሉ፤ መቶው በአምስት ሲካፈል ከመጀመሪያው ክፍል ሳይመለሱ ሃያ ሳምንት ያስኬዳል። በዓመት 22 ክፍል ገደማ የሚሠራ ድራማ አምስተኛው ዓመት ላይ ከዚያ ይደርሳል። «ስታር ትሬክ» በሦስት ዓመት 79 ክፍል ብቻ ሠርቶ በ1969 በኤንቢሲ ተቋርጦ ነበር፤ ትውልድ የወደደው ግን በ1970ዎቹ በየጣቢያው ከሰዓት በኋላ ሲደጋገም ነው። በ1987 የተከተለው አዲሱ «ስታር ትሬክ» ደግሞ ኔትወርክ ሳይፈልግ በቀጥታ ለየጣቢያው ተሸጠ።

ስትሪሚንግ ይህን ስሌት ከሁለት በኩል አፈረሰው። አንደኛ፣ የስትሪሚንግ ድራማ በአንድ ምዕራፍ ስምንት ወይም አሥር ክፍል ነው የሚኖረው፤ አምስት ምዕራፍ ቢሠራ እንኳ ሃምሳ አይሻገርም። ሁለተኛውና ትልቁ፣ ክፍያው ተለውጧል። የስትሪሚንግ ኩባንያው የሥራውን ወጪ በሙሉ ይሸፍናል፤ በላዩ የተወሰነ ትርፍ ይጨምራል፤ በምላሹ የዓለምን መብት ሁሉ ጠቅልሎ ይወስዳል። አዘጋጁ ኪሳራ አይፈራም፤ ነገር ግን ሁለተኛ ሽያጭ የለውም። በ2021 ዓለምን ያነጋገረው የኮሪያው «ስኩዊድ ጌም» ለመሥራት 21.4 ሚሊዮን ዶላር እንደወጣበት ብሉምበርግ የኔትፍሊክስን የውስጥ ሰነድ ጠቅሶ ዘግቧል፤ ያው ሰነድ ድራማው ለኩባንያው የሚያስገኘውን ዋጋ ወደ 900 ሚሊዮን ዶላር ገምቶታል። መብቱ የኔትፍሊክስ ስለሆነ ልዩነቱም የኔትፍሊክስ ሆነ።

ለአዲሱ አሠራር የሚሟገቱ ሰዎች መልስ አላቸው፤ መልሳቸውም ሊናቅ አይገባም። በአሮጌው ሥርዓት ከሚሠሩት ድራማዎች አብዛኞቹ መቶ ክፍል ሳይደርሱ ይሞታሉ፤ ሲንዲኬሽን የሚያከብረው ጥቂቶቹን ነው። ዛሬ አዘጋጁ ድራማው ባይወደድም ደመወዝና ትርፍ አግኝቶ ይወጣል። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ክርክሩ አንድ ነገር ይዘላል፤ ትልቁ ትርፍ አልጠፋም፣ ባለቤቱ ነው የተቀየረው። ለዚህ ራሳቸው ኩባንያዎቹ ምስክር ናቸው። በ2019 ዋርነር ሚዲያ «ፍሬንድስ»ን ለአምስት ዓመት በ425 ሚሊዮን ዶላር፣ ኤንቢሲ ዩኒቨርሳል ደግሞ «ዘ ኦፊስ»ን ለአምስት ዓመት በ500 ሚሊዮን ዶላር ለራሳቸው አገልግሎት እንዳስቀሩ ተዘግቧል። አሮጌ ድራማ ዋጋ የለውም የሚል ሰው እነዚህን ውሎች ይመልከት።

በየከተማው ጣቢያ ያለው ገበያ ግን እየጠበበ ነው። ጃጅ ጁዲ በ2021፣ ኤለን ዲጄነረስ በ2022፣ ዶክተር ፊል በ2023 ለረጅም ዓመታት ያቀረቧቸውን ፕሮግራሞች ዘግተዋል። የጣቢያ ሰዎችና አከፋፋዮች በየዓመቱ የሚገናኙበትን ገበያ ያዘጋጅ የነበረው ናትፒ የተባለ ማኅበር በ2022 በዕዳ ምክንያት የፍርድ ቤት ጥበቃ ጠየቀ። በፈረንሳይ ካን ከተማ ለአሥርት ዓመታት ይካሄድ የነበረው ሚፕ ቲቪ የተባለ ተመሳሳይ ገበያም በ2024 የመጨረሻ ስብሰባውን አደረገ።

የ2023ቱ አድማ ከዚህ ለውጥ የተወለደ ነው። ጸሐፊዎቹ 148 ቀን፣ ተዋንያኑ 118 ቀን ሥራ አቁመው ከጠየቋቸው ነገሮች አንዱ ሥራቸው በታየ ቁጥር ድርሻቸው እንዲያድግ ነበር። ያገኙት ከፊሉን ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ከአገር ውስጥ ደንበኞች 20 በመቶው ለተመለከተው ሥራ ተጨማሪ ክፍያ፣ ደግሞም ኩባንያዎቹ ደብቀውት የኖሩትን የተመልካች ቁጥር በተወሰነ ደረጃ የማየት መብት። የኋለኛው ከፊተኛው ሊበልጥ ይችላል። በየከተማው ጣቢያ ዘመን የተመልካቹን ብዛት ሻጩም ገዢውም ያውቁት ነበር፤ ሥራው ስንት ሰው እንዳየው የማያውቅ ባለሙያ ዋጋ መጥራት አይችልም።

ከእኛ ጋር ያለው ነገር

ይህ ገበያ አዲስ አበባ የደረሰው በገዢነት በኩል ነው። በ2008 ዓ.ም. ሥርጭት የጀመረው ቃና ቴሌቪዥን የቱርክና የሌሎች አገሮች ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ እያቀረበ በአጭር ጊዜ ብዙ ቤት ገባ። የአገር ውስጥ የፊልምና የቴአትር ባለሙያዎች ሥራችንን ይገድላል ብለው ተቃወሙ፤ ክርክሩም ባብዛኛው በባህል ዙሪያ ቀረ። የገበያው ምሥጢር ግን ሌላ ነው። የቱርክ ድራማ ወጪውን በአብዛኛው የሚመልሰው ኢስታንቡል ላይ ከአገሩ ጣቢያ ነው፤ ለውጭ አገር የሚሸጠው ቅጂ ሻጩን ብዙም አያስወጣውም። ስለዚህ ዋጋው የሚተመነው በገዢው አገር አቅም ነው። ያው ድራማ ለሀብታም አገር በውድ፣ ለእኛ በርካሽ ይሸጣል። የአዲስ አበባ አዘጋጅ የሚወዳደረው ወጪው አስቀድሞ ከተከፈለ ዕቃ ጋር ነው። የቱርክ አዘጋጆች ይህን አቅም ያገኙት ደግሞ የሥራዎቻቸው የውጭ ሽያጭ መብት አከፋፋዮቻቸው ዘንድ ተጠብቆ ስለኖረ ነው፤ በአውሮፓውያኑ 2008 ኤምቢሲ የተባለው የዐረብ ጣቢያ «ኑር» ብሎ በሶርያ ዐረብኛ ያሰማው «ጉሙሽ» የዐረቡን ገበያ ሲከፍት የሚሸጡት ቀጣይ ድራማ በእጃቸው ነበር።

በእኛ ዘንድ ለረጅም ጊዜ የተለመደው አካሄድ ከዚህ ተቃራኒ ነው። ብዙ አዘጋጆች የአየር ሰዓት ከጣቢያ ገዝተው፣ ስፖንሰር ራሳቸው ለምነው፣ ድራማውን ራሳቸው ሠርተው ያቀርባሉ፤ ወይም ጣቢያው አሠርቷቸው ሥራው የማን እንደሆነ ሳይለይ እዚያው ይቀራል። በባርተር ጣቢያው ለፕሮግራሙ በማስታወቂያ ደቂቃ ይከፍላል፤ እኛ ዘንድ ፕሮግራሙን ያመጣው ሰው ለጣቢያው ይከፍላል። ይህን ያህል ሸክም የተሸከመ አዘጋጅ ቢያንስ ሁለተኛውን ሽያጭ ሊያገኝ ይገባዋል። ገዢውም አለ። በዋሽንግተን አካባቢ፣ በቴል አቪቭ፣ በዱባይና በሪያድ የሚኖር አማርኛ ተናጋሪ የአገሩን ድራማ በዩቲዩብ ፈልጎ ያያል። ያ ተመልካች የሚያስገኘው ገቢ ለማን እንደሚገባ የሚወስነው ሥራው ከመቀረጹ በፊት የተፈረመው ወረቀት ነው፤ ወረቀት ከሌለ ደግሞ ጉልበት ያለው ወገን ይወስነዋል።

የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ዓ.ም. ለፈጣሪው መብት ይሰጣል፤ መብቱን ቁራሽ በቁራሽ ለያይቶ መሸጥ ግን የባለሙያው ሥራ ነው። የአሜሪካ አከፋፋዮች ሰባ ዓመት የሠሩት ይህንኑ ነው። አንድ ውል አራት ነገር በግልጽ መናገር አለበት፤ የሚታይበትን አገር፣ የሚታይበትን ዓይነት መገናኛ፣ የሚደጋገምበትን ቁጥርና የሚያበቃበትን ቀን። ያልተጻፈው ሁሉ በአዘጋጁ እጅ እንደሚቀርም አምስተኛ ዓረፍተ ነገር ይጨመርበት። ጸሐፊውና ተዋናዩም ከድጋሚው ሽያጭ የሚያገኙት ድርሻ በመቶኛ ይስፈር፤ የሥራው ስኬት ለሁሉም የሚደርሰው ያኔ ነው። አንድ አዘጋጅ ብቻውን ይህን ቢጠይቅ ጣቢያው ወደ ሌላ ይሄዳል። ስለዚህ ጥያቄው በሙያ ማኅበራት በኩል፣ አንድ ዓይነት መነሻ ውል አዘጋጅቶ መቅረብ አለበት። ሆሊውድ ውስጥ ተዋንያንና ጸሐፊዎች በ1960 አድማ መትተው የድጋሚ ክፍያን ያገኙት በኅብረት ስለቆሙ ነው።

ጣቢያዎቻችንም ከዚህ ይጠቀማሉ እንጂ አይጎዱም። ሁለተኛ ሽያጭ እንዳለው የሚያውቅ አዘጋጅ ለመጀመሪያው ሥርጭት በአነስተኛ ዋጋ ይስማማል፤ ጥራትም ላይ ይደፍራል፣ ምክንያቱም ዛሬ ያወጣው ገንዘብ በአምስት ዓመትም ይመለስለታል። ሥራው አንዴ ታይቶ እንደሚያልፍ የሚያምን ሰው ግን ቶሎ ቀርጾ፣ ቶሎ ሸጦ ለመገላገል ይቸኩላል። የአገራችን ድራማ ጥራት ጎደለው እያልን ከምናማርር፣ ጥራት ለሠራው ሰው የሚከፍልበትን ውል እንጻፍ።